በሬው ጠጣ፣ እኔ ሰከርኩ

በሬ ማድለብ ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ በሬ ኖሮት አያውቅም፣ ወይ በሬውን የምታደልብለት ሚስቱ ናት። እኔ በየተራ ሁለቱንም ሆኜ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን በገዛ እጄና በገዛ ኮምፒዩተሬ አደልባለሁ ብዬ ተነሣሁ። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስትስቁ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ጉዳዩ በአንዳንድ ቤቶች አሁንም በጸሎት ላይ ነው።

እኛ ወላይታዎች ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን ማለቴ ነው፣ ሥጋ ካልቆረጥን ዓመቱን የተሻገርን አይመስለንም። አዲስ ልብስ ያልለበሰ ይታለፋል፤ ቤቱን ያልቀባም ይታለፋል። ሥጋ ያልገባበት ቤት ግን ጎረቤት ጤናውን ሊጠይቅ ይመጣል። በሶዶ እኛ ሰፈር ቅርጫ የምንካፈል ጎረቤታሞች አለን። በየዓመቱ በዓሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ገበያ እንወጣለን፤ ነጋዴዎቹም እንደ ልባቸው ይጫወቱብናል። የሠርጉ ዕለት ጫማው የጠፋበት ሙሽራ ዋጋ ሲከራከር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ማለት እሱ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ፣ “ክረምቱ ሳይገባ ከሲታ በሬ በርካሽ ገዝተን ራሳችን ለምን አናደልብም?” የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤቴ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ፤ በወረቀት ላይ ያላደለብኩት ነገር የለም።

በሬውን ከሻንቶ ገበያ ገዛን። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልነው። ሲበዛ ከሲታ ነበር፤ ጎድኑ የመዝሙር ክፍላችንን ኪቦርድ ይመስላል። ከቅርጫ ተካፋዮቹ አንዱ አቶ ባሳ ናቸው። እኒህ ሰው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ የሰፈራችን አስታራቂና የሥጋ ነገር ዐዋቂ ናቸው። ጎድኑን በጣታቸው እየነካኩ፣ “ይቺ በሬ አጥንት ናት እንጂ ሥጋ የላትም” አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ቤት ውስጥ የምናወራው ወላይትኛ ነው። አማርኛ ከቤት ስንወጣ እንደ ጫማ የምናጠልቀው ስለሆነ፣ አንዳንዴ ግራና ቀኙ ይቀያየርብናል። በሶዶ አማርኛ በሬ ጠዋት ወንድ ሆኖ ማታ ሴት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው መወፈሩ ነው።

ጓሮዬ ሰፊ ስለሆነ ቦራ እኔ ዘንድ ታሰረ። ባለቤቴ ምህረትም እናቷ ቤት እንዳየችው የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳና ዝሆኔ ሳር እየቆራረጠች ታበላው ጀመር። በሬው ቀስ በቀስ እየሞላ ነበር። ነገሩ እዚያው ላይ ቢቆም ይሄን ሁሉ አላወራችሁም። ግን እኔ ሥልጠና ገባሁ።

ሥልጠናው ለእኔ አልነበረም። የተጠራው ባልደረባዬ ሌላ ሥልጠና ላይ ስለነበር እኔ ተላክሁ። ርዕሱ “የተመጣጠነና ወጪ ቆጣቢ የከብት መኖ አዘገጃጀት” ይላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጠና ላይ ስልኬን ዘግቼ አዳመጥኩ። አሠልጣኙ ጎበዝ ሰው ነበር። ለሚደልብ በሬ ጉልበት የሚሰጥ፣ ሥጋ የሚገነባ፣ ጨጓራውን የሚያሠራ ገለባ፣ ጨውና ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል አለን። ቀጠለናም ከመኖ ሁሉ የሚሻለው በአቅራቢያችሁ በርካሽ የምታገኙት ነው አለን። በመጨረሻም አዲስ መኖ ለከብት በአንዴ አይሰጥም፣ ቀስ በቀስ ይለማመዳል እንጂ ብሎ ነበር አሉ። አሉ የምለው፣ ያቺን ምክር የተናገረው ምሳ ደርሷል በተባለበት ደቂቃ ስለነበር ከአዳራሹ ማንም አልሰማትም።

ቤት ስገባ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ “ምህረት፣ ይሄ በሬ የተመጣጠነ ምግብ እያገኘ አይደለም” አልኳት።

“እኛስ?” አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ በሥልጠናው የተሰጠ መልስ ስላልነበረ ወደ ኮምፒዩተሬ ሄድኩ። በአካባቢያችን የሚገኘውን ሁሉ ደረደርኩ። ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፍ ፋጉሎ፣ ሞላሰስ፣ ጭድ፣ አገዳ፣ የጁስ ቤት ልጣጭ ሳይቀር ገባ። ፊት ለፊታቸው ዋጋቸውንና ጥቅማቸውን ሞልቼ፣ “ርካሹን ቀምርልኝ” ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። ኮምፒዩተሩ ጥቂት አሰበና በሬውን ሰጋቱራ አብላው አለኝ። ለካ ከአናጢዎቹ በነፃ ይገኛል ብዬ ሰጋቱራም አስገብቼ ነበር፤ በሬ ምስጥ አለመሆኑን መንገር ረስቻለሁ። ሰጋቱራውን አጠፋሁ። ሁለተኛው መልስ ፋጉሎ የበዛበት ሆነ፤ የፋጉሎውን ዋጋ ሳይ ከበሬው ይልቅ እኛ ብንበላው ያዋጣናል። ሞላሰስ ጨምሬ ሞከርኩ፤ ቦራ ጣፋጩን ልሶ ልሶ ጭዱን እንደ ትሪ ንጹሕ አድርጎ መለሰልኝ።

በመጨረሻ የረሳሁት ነገር ካለ ብዬ ሳስብ አንድ የግብርና ሰው በዕረፍት ሰዓት የነገረኝ ትዝ አለኝና ጻፍኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ኮምፒዩተሩ ምንም ሳያቅማማ መልሱን ሰጠኝ፤ ገንቢ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአቅራቢያ አለ።

አተላ። የጠላ አተላ።

ኮምፒዩተር ሃይማኖት የለውም። እኔ ግን አለኝ። እኔ በጸሎት ቤታችን ወጣቶችን የማስተምር ሰው ነኝ፤ የዚያን ሰሞን ርዕሴ ደግሞ “ክርስቲያንና መጠጥ” ነበር። ጠላ የሚጠመቅበት መንደር ከገበያው ጀርባ ነው። የእኛ ምእመናን በዚያ ሲያልፉ ዝናብ እንደያዘው ሰው ይፈጥናሉ። እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ትንፋሼን ይዤ አልፌያለሁ! አሁን ግን በአንድ በኩል ኅሊናዬ፣ በሌላ በኩል የተመጣጠነ ቀመር ቆሙብኝ። ለራሴም፣ “እኔ አልጠጣ፤ የሚጠጣው በሬው፤ በሬው ደግሞ አልተጠመቀ” አልኩት። ይሄ ክርክር ራሴን እንጂ ሌላ ሰው እንደማያሳምን ያኔ አላወቅሁም።

ማለዳ ላይ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ጭምብል አድርጌ፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። የጠላ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሳቸው ግን ወላይትኛውን ከእኔ አስበልጠው የሚናገሩ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ “አንተ የጴንጤዎቹ መምህር አይደለህም እንዴ?” አሉኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

“በምን ዐወቁኝ?” አልኩ ጭምብሌን እያጠበቅሁ።

“ፊትህን ብትሸፍን ምን ዋጋ አለው? አረማመድህ ራሱ ጸሎት ቤት ጸሎት ቤት ይላል።”

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። “ለበሬ ነው?” አሉና ሳቁ። “ይሁን። እዚህ የሚመጣ ሁሉ ለጓደኛዬ ነው የሚለው፤ በሬስ ጓደኛ አይደል?” ከዚያ ሥርዓቱን አስረዱኝ። አተላው የሚገኘው ጠላው ተጠጥቶ ጋኑ ሲራቆት ነው። “ካልቸኮልክ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ከቸኮልክ ደግሞ አግዘህ ጠጣ።”

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ዕድሜ ልኬን ያልረገጥኩት ደጃፍ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጀሪካኔን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ከጎኔ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ተቀምጠዋል። ይህ አግዳሚ ከመኪናቸው ቀጥሎ ብዙ ዘመን የተቀመጡበት ወንበር ነው። የመጣሁበትን ሲሰሙ አዘኑልኝ። በሬው ሳይበላ እየጠበቀ መሆኑን ሲሰሙማ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

“ጠጡ እንጂ፣ እናንተ!” አሉ ወደ ጠጪዎቹ ዞረው። “የሰው በሬ ጦሙን ይደር?”

ሕዝቡ ደግ ነው። ጠጣ። በዚያን ቀን ለእንስሳት ሲባል ሶዶ ውስጥ ያን ያህል መሥዋዕትነት የተከፈለ አይመስለኝም።

ቦራ አተላውን ሲቀምስ አፍንጫውን አነሣ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ላከ፣ ከዚያ አንገቱን ባልዲው ውስጥ ቀብሮ እስኪያልቅ አላወጣም። ቀና ሲል አገጩ እየተንጠባጠበ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከምህረት በቀር እንደዚያ አድርጎ ያየኝ የለም፤ እሷም ከሠርጋችን በፊት ነው። ለምህረት ከወፍጮ ቤት የሚመጣ ነገር ነው አልኳት። አሸተተችና፣ “ይሄ ወፍጮ ቤት መዝሙር ሳይሆን ዘፈን የሚከፈትበት መሆን አለበት” ብላ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የበሬው ፀጉር ማብረቅረቅ ጀመረ። ጎድኑ ተሸፈነ። አቶ ባሳና ሌሎቹ ተካፋዮች እየመጡ ያያሉ፤ “ምንድነው የምታበላው?” ይሉኛል፤ “ቀመር ነው” እላለሁ፤ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ሲደነቅ አርፎ የሚቀመጥ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቂቱ እንዲህ ካደረገ ብዙው ምን ሊያደርግ ነው ብዬ መጠኑን እጥፍ አደረግሁት።

እጥፍ ማለት ትልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ትልቅ ጀሪካን ማለት ደግሞ ባጃጅ ማለት ነው። አንድ ሞቃት ቀን ጀሪካኔን እንዳይፈስ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ ለሌላ ተሳፋሪ ቆመ። የገባችው እህት ሣራ ናት፤ የጸሎት ቤታችን የሴቶች ኅብረት መሪ።

“ሳሮ፣ ወንድም!” በወላይትኛ ሰላም ብላኝ፣ “ምን ይዘህ ነው?” አለችኝ።

“ዘይት” አልኩ። ለምን ዘይት እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አተላ በታፈነ ዕቃ ውስጥ እንደሚያብጥ ምነው ያ አሠልጣኝ በነገረን! ባጃጇ የአስፋልቱን ጉድጓድ ስትዘል ክዳኑ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ፤ ተከትሎት የወጣው ጉሽ እኔን ከአገጬ እስከ ጉልበቴ፣ እህት ሣራን ከጉልበቷ እስከ ጫማዋ አለበሰን። ሾፌሩ ቆመ። ዞሮ አየን፤ አሸተተ፤ እንደገና አሸተተና፣ “ጋሼ፣ ይሄ ዘይት የት ነው የሚሸጠው?” አለኝ።

እህት ሣራ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገረች እንደሆነ ያልቃል፤ ዝም ያለች እንደሆነ ግን ለጸሎት እየያዘችው ነው።

የዚያው ሳምንት የቤት ለቤት ጸሎቱ ተራ የእኔ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሳሎን ሞሉ። ቦራ ከመስኮቱ ጀርባ ታስሯል፤ ጠዋት እጥፍ ድርሻውን ወስዷል። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት እንደተጀመረ በሬው አገሣ። ግሣቱ በመስኮቱ ገባ። እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ፤ የእትዬ አስካለ ቤት አግዳሚውን፣ ጋኑን፣ ጋሽ ወልዴን ይዞ ሳሎኔ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

“በዚህ ቤት የመጠጥ መንፈስ ይሰማኛል!” አለች እህት ሣራ።

“እኔም ይሸተኛል” አለ አንዱ ከኋላ።

ምን ልበል? ሁለት እጆች ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ ራሴ ላይ፣ ሌላው ሆዴ ላይ ዐረፉ። እህት ሣራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ውጣ!” አለች።

“እምቧ!” አለ ቦራ ከመስኮቱ ጀርባ።

“ውጣ አልኩህ!”

“እምቧዋ!”

“እየመለሰ ነው!” ብለው ጸሎቱን አበረቱት። እኔ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ምህረትን ፈለግኋት። እሷም አንድ ዓይኗን ገልጣ እኔን እያየች ነበር፤ ያቺ አንድ ዓይን ግን ለሁለት የምትበቃ ነበረች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቀጥ ብላ ጓሮ ገባች። ቦራ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ የኋላ እግሮቹን አጠላልፎ ቆሟል፤ ዓይኖቹ ፍዝዝ ብለዋል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሥልጠናውን፣ ቀመሩን፣ እትዬ አስካለን። ምህረት ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባው ሳያቆም ሳቁ ቆመ።

“አንተስ ለበሬው ነው ብለህ ትስቃለህ” አለችኝ። “እኔ ነገ በእነዚያ ሴቶች መካከል የሰካራም ሚስት ሆኜ ነው የምቀመጠው።”

ያን ጊዜ አፈርኩ። በኮምፒዩተሬ ሰንጠረዥ ላይ የሁሉንም ዋጋ ጽፌ ነበር፤ የእሷን አልጻፍኩም።

እንዳለችውም ሆነ። ሴቶቹ በየተራ ሊያጽናኗት መጡ። አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ቆጮ ይዛ ትመጣለች፤ እጇን ይዘው ያለቅሳሉ፤ እኔ ሳልፍ ዝም ይላሉ። ምህረት እውነቱን ልትነግራቸው ብትሞክርም፣ “ባልሽን መሸፈንሽ ጥሩ ነው” እያሉ ያደንቋታል። እሷ ግን አተላውን አላስጣለችኝም። መጠኑን ቀንሳ፣ የስኳር ድንች ሐረጉንና በቀጭኑ የተከተፈ አገዳ ደባልቃ፣ ጥቂት ፋጉሎ ነስንሳ አለወሰችው። በሬው ራሱን ችሎ መቆም ጀመረ። “የጋራ በሬ ነው፤ የሰው ሥጋ አናባክንም። አንተን ግን ገና አልጨረስኩህም” አለችኝ።

እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ከአቶ ባሳ ጋር ተጨባብጠን አስፋልቱ ዳር ቆመናል። ማዶ ጋሽ ወልዴ ያልፋሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሡ። “የኔ ጌታ! ትናንት ምነው ቀረህ? ጋኑ እኮ አንተን ሲጠብቅ ዋለ!” አሉ፤ ዳሞታ ተራራ ሰምቶ መለሰው።

አቶ ባሳ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁ።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። “ወንድማችን፣ በፍቅር ነው የመጣነው” አሉ አቶ ባሳ። በፍቅር ነው የመጣነው የሚል ሽማግሌ ከመጣባችሁ፣ እሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ራሳችሁ ተቀመጡ።

“ጠላ ቤት ትገባለህ የሚባለው እውነት ነው?”

“እውነት ነው፤ ግን…”

“ጀሪካን ይዘህ?”

“አዎ፤ ግን…”

“ኧረ ሌላው ሰው እንኳ በጣሳ ነው የሚጠጣው!” አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው።

“የሚጠጣው እኮ በሬው ነው!” አልኩ።

ሦስተኛው ሽማግሌ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዳም እንኳ በሚስቱ ነው ያሳበበው” አሉ። “አንተ እስከ በሬ ወረድህ?”

ከዚህ በኋላ ማስረጃው በሬው ብቻ ነው። ጓሮ ወሰድኋቸው። ቦራ ዞሮ ቆመ፤ ቆዳው በፀሐዩ ያብለጨልጫል፣ ታፋው ሞልቶ ሰፍቷል፣ ሻኛው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። አቶ ባሳ እጃቸውን ለቡራኬ የሚዘረጉ መስለው ዘርግተው ሻኛው ላይ አሳረፉ። አላነሡትም። ከሻኛ ወደ ጎድን፣ ከጎድን ወደ ጅራቱ ሥር ሄዱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ተግሣጽ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ።

“ስንት ነው የምታጠጣት?” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ድሮ ሙሉ ጀሪካን ነበር። አሁን ግማሹን፣ ከሐረግና ከአገዳ ጋር ተለውሶ።”

“ፋጉሎስ?”

“ጥቂት።”

“ጨውስ?”

“አሞሌ ታስሮለታል፤ ይልሳል።”

“ጨው ጥሩ ነው” አሉ። ከዚያ ባልደረቦቻቸው እያዩዋቸው መሆኑ ትዝ አላቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ኃጢአት ግን ኃጢአት ነው።”

በሬው ፊት ቆመን ረጅም ክርክር ተደረገ። ሁለተኛው ሽማግሌ አተላ ምግብ ነው ወይስ መጠጥ ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው የሚያሰክር ሁሉ መጠጥ ነው አሉ። በሬው ሰክሮ ያውቃል ወይ ተባልኩ፤ መዋሸት አልቻልኩም፣ አንድ ቀን ተደግፎ ነበር አልኩ። እንግዲያው በሬው ጠጪ፣ እኔ አቅራቢ ሆንን። አተላው እንዲቆም፣ እኔም ለጊዜው ወጣቶችን ከማስተማር እንዳርፍ ተወሰነ። አቶ ባሳ ውሳኔውን ሲናገሩ ዓይናቸው ሻኛው ላይ ነበር።

አተላው ቆመ። የበሬውንም ነገር ያኔ ማየት ነበር! ሐረጉን ሲያቀርቡለት ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ባጃጅ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ጆሮው ይቆማል፤ ባጃጁ ሳይቆም ሲሄድ ጆሮው ይወድቃል። አድራሻ የጠፋበት ሰው መስሎ በሩን እያየ ይውላል። ታፋው ጎደለ፤ የጎድኑ ኪቦርድ ቁልፍ በቁልፍ ብቅ አለ። በዓሉ እየቀረበ ነው። ተካፋዮቹ እየመጡ ያዩታል፤ እኔንም ያዩኛል፤ ሰላምታቸው አጠረ።

አቶ ባሳ በየጠዋቱ ይመጡ ጀመር። ሊጸልዩልኝ ነው የሚሉት፤ ግን ሲጸልዩ አንድ እጃቸው እኔ ላይ፣ አንድ እጃቸው ጎድኑ ላይ ነው። አንድ ጠዋት አሜን ካሉ በኋላ አልሄዱም።

“አስቤበታለሁ” አሉኝ። “ችግሩ ነገሩ ላይ አይደለም። ስሙ ላይ ነው።”

የዕቅድ ባለሙያ ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። በእኛም መሥሪያ ቤት ያልተሠራ ሥራ “በሂደት ላይ ያለ” ይባላል፤ የከሸፈው ደግሞ “ትምህርት የተወሰደበት”።

“አተላ ስትለው ጠላ ቤት ይሸታል” አሉ። “ከምንድነው የሚሠራው?”

“ከገብስ፣ ከበቆሎ፣ ከብቅል…”

“እህል ነው አይደል? ዋናው ወጥቶለት የቀረ ነው አይደል?”

“ነው።”

“እንግዲህ የእህል ተረፈ ምርት ነው።”

“ጌሾውስ?” አልኩ፤ ነገር መጨረስ አልችልበትም።

“ጌሾ ቅጠል ናት። ቅጠል ደግሞ በሬ ትበላለች።”

ደስ አለኝ። “እንግዲያው ተረፈ ምርቱን እርስዎ ቢያመጡት? እርስዎን ማንም አይጠረጥርም” አልኳቸው።

አቶ ባሳ እንደ ልጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። “የአንተ ስም አንዴ ጠፍቷል” አሉ። “ሁለት ስም ለምን ይጠፋል?”

ተናደድኩ፤ ግን አስቡት፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ከዚያ የበለጠ ወጪ ቆጣቢ ቀመር ኮምፒዩተሬም አያወጣም።

እትዬ አስካለ ዳግመኛ ሲያዩኝ፣ “ይኸው፣ ጸጸቱ አለቀ?” ብለው ጀሪካኔን ተቀበሉኝ። ጋሽ ወልዴም ቦታዬን በኮፍያቸው አስይዘው ጠበቁኝ። በቀጣዩ እሑድ፣ “ወንድማችን የእህል ተረፈ ምርትን ለከብት መኖ በማዋል ላይ የነበረ መሆኑ ስለተረጋገጠ” ወደ አገልግሎቴ መመለሴ ተነገረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እህት ሣራም ጸሎቷ መመለሱን መሰከረች። ምህረት ብቻ ቅር አላት። “አንተ ከነጻህ ጀምሮ እንቁላል ያመጣልኝ የለም” አለችኝ።

ጊፋታ ደረሰ። ቦራ ታረደ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ሲዘረጋ የቅርጫ ተካፋዮቹ በየተራ አቀፉኝ፤ እንደዚያ ያለ ጮማ በሰፈራችን አይተን አናውቅም ተባለ። ለምሳ ቤቴ ተሰበሰቡ። ምህረት ማንንም ሳታማክር ጋሽ ወልዴን ጠርታ ኖሯል። “ያን ሁሉ ጋን የጨረሱት ማን ሆኑና? ለዚህ በሬ ከአንተ ይልቅ የደከሙት እሳቸው ናቸው” አለችኝ። ጋሽ ወልዴ ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። የተገኘው ቦታ አቶ ባሳ አጠገብ ብቻ ነበር። አቶ ባሳ ጠጋ አሉላቸው፤ ማዕዱን ባረኩ፤ ሁላችንም ጥሬውን እየቆረጥን በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ እያጠቀስን መጉረስ ጀመርን። ለተወሰነ ጊዜ ከጥርስ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጡት። ዋጡና ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው በራ።

“ይሄማ የአስካለ ነው!” አሉ። አንድ ጉርሻ ጨምረው አጣጣሙ። “አዎ፣ የአስካለ! አሻሮዋን ትንሽ ያሳረረችው ሰሞን የጠመቀችው።”

ጥርሱ ሁሉ ቆመ። የእህት ሣራ እጅ ከሳህኑና ከአፏ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለተኛው ሽማግሌ አፋቸው ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ጉንጫቸው እንዳበጠ ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ ምህረትን አየሁ፤ ምህረት መሬት መሬቱን ታያለች።

አቶ ባሳ ብቻ ማላመጣቸውን አላቋረጡም። ተረጋግተው ዋጡ፤ ዳጣውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

“ወንድም ወልዴ፣ የእህል ተረፈ ምርት ነው” አሉና ቢላዋቸውን ወደ ሻኛው ላኩ።